ከቆሙት መኪኖች ጋር የቀረችው ሰገነት

ሰገነት ሀብተ ሥላሴ ሞጣ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው። በልጅነቷ ከተማሪዎቻቸው ጎን ቁጭ ብላ ስላደገች «አባባ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም፤ እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምትላቸው። እሳቸው አስተማሪ ትሆንልኛለች ብለው ሲጠብቁ እሷ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቴክኒክና ሙያ ገባችና የመኪና ኤሌክትሪክ ተማረች። «ወርቁን ትታ ሽቦውን መረጠች» እያሉ ለጎረቤት ሲቀልዱባት ኖረዋል።

ሽቦው ግን እንጀራ ሆናት። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ቀጠራትና ስምንት ዓመት ሙሉ ማሽኖቹን ተከትላ ከአገር አገር ዞረች። ትዳር ይዛ ነበር፤ ባልየው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያለች ሚስት አልመች አለችውና በሰላም ተለያዩ። በ2015 ዓ.ም. ድርጅቱ ቢቸና ላይ ሰፊ ግቢ ተከራይቶ በየጁቤና በሉማሜ በኩል ላሉ ቀበሌዎች መቆፈር ሲጀምር ከሁሉ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ከቢቸና ሞጣ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ የኔታን ትጠይቃለች።

በሐምሌ መጨረሻ አገሩ ታወከ። ሠራተኛው በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ሆነ። ከባድ መኪና ይዞ መውጣት ያሰጋል ስለተባለ ዘጠኝ መኪኖች፣ አንድ የቁፋሮ ማሽን፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ሁለት ጄነሬተሮች ግቢው ውስጥ ቀሩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ስጦታው አንድ እግሩን ሚኒባሱ ላይ ሰቅሎ ሰገነትን ጠራት።

«አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ ሞጣ አፍንጫሽ ሥር ናት። ሁለት ሳምንት ባትሪዎቹን ጠብቂልኝ። ተመልሰን ቁልፍ ስናዞር ሁሉም ይነሳ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

«ሁለት ሳምንት ከሆነ ምን ችግር አለው?» አለችው።

ግቢው ውስጥ እሷና ዘበኛው ጋሽ ፋንታ ቀሩ። ጋሽ ፋንታ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ጥይት የሌለው ጠመንጃ የሚይዙ የቢቸና ሰው ናቸው።

የቆመ መኪና የተኛ ይመስላል እንጂ አይተኛም። ሰዓቱ፣ ማንቂያው፣ ሬዲዮው እያንዳንዳቸው ከባትሪው ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። ምንም የሚጠጣ ባይኖር እንኳ ባትሪ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ባዶውን ከቆየ ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ነጭ ነገር ይለብሱና ከዚያ በኋላ ቢሞሉት አይሞላም። ስለዚህ ሰገነት ከሁሉም መኪኖች ላይ የኔጌቲቩን ገመድ ፈታች። የባትሪዎቹን ጫፍ በሞቀ ውኃና በሶዳ አጥባ ቅባት ቀባችው። ከዚያ በየተራ ትሞላቸው ጀመር።

ቻርጀሮቿ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ትንሽ ናት፤ ባትሪው ሲሞላ ራሷ ታቆማለች። ትልቁ ግን አሮጌ ነው፤ መቆም አያውቅም፤ ካልተጠበቀ አሲዱን ያፈላዋል። ትልቁ ሲሠራ ሰገነት አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፤ የባትሪውን ክዳኖች ትከፍታለች፤ እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ታያለች። የመጀመሪያው ሰሞን ጋሽ ፋንታ ብርዱን ሊያስታግሱላት አስበው ፍም የሞላ ምድጃ ይዘውላት መጡ።

«ኧረ ይመልሱት! ጋሽ ፋንታ፣ ይመልሱት!» ብላ ጮኸች። «ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ እሳት ካገኘ ይፈነዳል።»

ሽማግሌው ምድጃውን ይዘው እስከ በሩ ሮጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባትሪ ወዳለበት ክፍል መግባት ቀርቶ በደጁ ሲያልፉ እንኳ ያማትባሉ።

ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩም ሦስት ሆነ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፈተ ይባላል፣ ሲነጋ ተዘግቷል ይባላል። ስልኩም እንዲሁ። የባትሪ ውኃ ሲያልቅባት አዲስ ፕላስቲክ ዘርግታ የዝናብ ውኃ አጠራቅማ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ ተጠቀመች። አሮጌ የቁፋሮ መዝገብ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱን ባትሪ ልኬት በየሳምንቱ ትጽፋለች፤ ከአሥራ ሁለት ነጥብ አራት ቮልት በታች የወረደ እንደሆነ ተራው ያልደረሰም ቢሆን ይሞላል።

ኅዳር ላይ ስልክ ለሁለት ቀን ተለቀቀና እኅቷ አምሳለች ደወለች።

«የኔታን ሽንት ከለከላቸው። ሦስት ቀናቸው ነው። የሚሰጡት መድኃኒት አለ፣ ግን…»

«ግን ምን?»

«አንቺን ይጠራሉ።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄደች። አንድ አውቶቡስ ሰው ይጭን ነበርና ተሳፈረች። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኙ። ከወዲያ የመጣ የገልባጭ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወደ ፊት የለም፤ ተመለሱ» አላቸው። ማን እንደዘጋው የጠየቀ የለም። አንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት ብቻ ወርዳ በእግሯ ቀጠለች። ሰገነት ከመስኮቱ ሆና እስክትሰወር አየቻት፤ ለመውረድም ቦርሳዋን አንስታ ነበር፤ መልሳ ግን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አውቶቡሱ ዞረ።

ግቢ እንደደረሰች ልብሷን ሳትቀይር ነጩ ፒክአፕ ውስጥ ገባች። ኔጌቲቩን አሰረች፣ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጋሽ ፋንታ ድምፁን ሰምተው ከጎጇቸው ወጡና በሩ ሥር ቆሙ።

«ልክፈተው እንዴ?» አሏት።

በመስታወቱ ውስጥ የቆርቆሮውን በር አየችው። በሩ ቢከፈት ከተማው አለ፤ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ድንጋዩ አለ። በእጇ የሠራቻቸው ዘጠኝ መኪኖች ሁሉም ይነሳሉ፤ አንዳቸውም ግን ሞጣ አያደርሷትም። መሪውን ጠመዘዘችና ግቢውን መዞር ጀመረች። በቁፋሮ ማሽኑ ጎን አልፋ፣ ጄነሬተሮቹን ዞራ፣ በበሩ ሥር አልፋ እንደገና። ሦስት ዙር፣ አምስት ዙር። ጋሽ ፋንታ ጠመንጃቸውን ተደግፈው አብረው በዓይናቸው ዞሩ። ነዳጁን አስታውሳ አጠፋችው፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ።

የኔታ አልሞቱም። አንድ የጤና ባለሙያ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ቱቦ አስገባላቸውና ተረፉ። ይህንን ሰገነት የሰማችው ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ሃያ ሦስቱን ቀን አባቷን ሙትም ሕያውም አድርጋ ኖረች። ባትሪ ስትሞላ ትውልና አመሻሹ ላይ «ዛሬስ ቀብረዋቸው ይሆን?» ትላለች ለራሷ።

ከዚያ ወዲህ ጎማው በአንድ ጎኑ እንዳይጎዳ በማለት በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱን መኪና አንድ ዙር ማዞር ልማድ አደረገች። ጋሽ ፋንታ ደግሞ ከመኪና ስትወርድ ይጠይቋታል።

«ዛሬስ የት ደረስሽ፣ ልጄ?»

«አምበር ደርሼ መጣሁ።»

«ገበያው ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ ጤፍ ተወዷል።»

ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

በጥር መብራት ጠፋና ሰባት ሳምንት ቆየ። ለጄነሬተሩ ነዳጅ የለም። ቻርጀሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ቀሩ፤ በመዝገቡ ላይ ያሉት ቁጥሮች በየሳምንቱ ዝቅ ዝቅ ማለት ያዙ። ሰገነት እቃ ቤቱ ውስጥ ለውኃ መሳቢያ ፓምፕ የመጡ፣ ታሽገው የተቀመጡ አራት የፀሐይ ሰሌዳዎች እንዳሉ ታውቃለች። ማሸጊያውን መቁረጥ ያስጠይቃታል። ሁለት ቀን አስባ በሦስተኛው ቆረጠችው፤ ሰሌዳዎቹን የቢሮው ጣራ ላይ ሰቅላ ከመቆጣጠሪያቸው ጋር አገናኘቻቸው። ሰማዩ ጠራ ባለበት ቀን ሁለት ባትሪ ይሞላላታል።

ጣራው ላይ ያሉትን ሰሌዳዎች ከመንገድ ያየች አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። ሲስተር ሰሎሜ የምትባል አዋላጅ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ ተመድባ መጥታ መውጫ አጥታ የቀረች።

«በስልክ መብራት ነው የማዋልደው» አለች ሰሎሜ። «አሁን ስልኩም ሞተብኝ። አንድ ባትሪ አውሺኝ።»

«የእኔ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ። ትናንት የወለደችው ልጅም የእኔ አይደለችም፤ ደሟ ግን ከየት እንደሚፈስ አላየሁትም ነበር።»

ሰገነት ከቁፋሮ ማሽኑ አንዱን ባትሪ አወረደች። አምፖል ከሽቦ ጋር ሠርታ ሰጠቻት። በየአራት ቀኑ የወረደውን እየተቀበለች የሞላ ትሰጣት ጀመር። ሰሎሜ ስትመጣ ለአንድ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። የሁለቱም ወሬ አንድ ነው፦ እናቴ እንዲህ ትል ነበር፣ የኔታ እንዲህ ይሉ ነበር። ሰሎሜ ቴስተር የሚባለውን የቮልት መለኪያ ማንበብ የተማረችው በዚያው ወሬ መካከል ነው።

መጋቢት ላይ መብራትም ስልክም ሲመለስ ሰገነት ለኢንጂነር ስጦታው ደውላ ሁሉንም ነገረችው፤ ማሸጊያውን መቁረጧንም፣ ባትሪ ማዋሷንም።

«ሪፖርት ላይ አስገቢው» አለ እሱ፤ አልተቆጣም። «ስሚኝ፣ ሰገነት። ከአራቱ ግቢዎቻችን ባትሪ ያልሞተበት ያንቺ ብቻ ነው። እውነት ኮራሁብሽ። የሌሎቹን ሦስት ግቢዎች መኪኖች በቆሙበት ሸጠን ጠባቂዎቹን አሰናብተናል። ያንቺዎቹ ግን ሬዲ ስለሆኑ አንሸጣቸውም። ሥራው እስኪጀመር ትጠብቂያቸዋለሽ።»

«ሌሎቹ ጠባቂዎች ቤታቸው ገቡ?»

«ገቡ።»

ስልኩን ዘግታ ቁጭ ብላ ስታስበው፣ ያሰራት ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። ባትሪዎቹን ችላ ብላቸው ኖሮ ድርጅቱም ችላ ብሎ ይለቃት ነበር። ትንሿን ቻርጀር ነቀለቻት። ትልቁንም ነቀለችው። መዝገቡን ዘጋችው። «ይሙቱ» አለች፤ ጋሽ ፋንታ እየሰሙ።

አሥር ቀን አልነካቻቸውም። ከተማ ወጣች፣ ተመለሰች፣ ልብስ አጠበች፣ ተኛች። በአሥራ አንደኛው ቀን ቴስተሩን ይዛ ኮምፕሬሰሩ ጋ ሄደች። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ ሙሉ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሌላ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይሞታል። ስንት ጠዋት እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ ሙቀቱን የለካችው ባትሪ ነው። ቻርጀሩን ሰካችው። ለምን እንደሰካችው እስከ ዛሬ ስትጠየቅ «እጄ እምቢ አለኝ» ነው የምትለው።

ግንቦት ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ አውቶቡስ ከሞጣ ደርሶ ተመለሰ። ይህን ጊዜ ሰገነት አልቸኮለችም። አራት ቀን ሌት ተቀን ሁለቱን ቻርጀሮችና ሰሌዳዎቹን አሠርታ ባትሪዎቹን በሙሉ ጢም አድርጋ ሞላች፤ ሁሉንም ከገመድ ፈትታ በጣውላ ላይ ደረደረቻቸው። እንደ ቢቸና ባለ ቀዝቃዛ አገር የተፈታ ሙሉ ባትሪ ሁለት ወር አይጨነቅም። ለኢንጂነሩ በስልክ ጻፈችለት፦ «ለአምስት ቀን ሞጣ ሄጃለሁ። ሁሉም ሙሉ ነው።» መልሱን ሳትጠብቅ ተሳፈረች።

የኔታ አንሰው ጠበቋት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፅዋን ሰምተው ነው እጃቸውን የዘረጉት። ከአርባ ተማሪዎቻቸው ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ሌሎቹ አንዳንዱ አገሩ ገብቷል፣ አንዳንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ጉባኤው ላይ ይቀመጣሉ።

«እዚያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አሏት።

«የማይሄዱ መኪኖች እንዳይሞቱ ስጠብቅ፣ የኔታ።»

«ደግ ሠራሽ» አሏት። ስለ መኪና ደግ ነገር ሲናገሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

አራቱ ቀን እንደ ዓይን ጥቅሻ አለፈ። እግራቸውን አጠበች፣ ዳዊት አነበበችላቸው፣ ከአምሳለች ጋር ሲስቁ አመሹ። በአምስተኛው ጠዋት መናኸሪያ ስትሄድ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ።

«ወደ ቢቸና?» አለች።

አንዱ ካርታውን ሳያስቀምጥ ራሱን ነቀነቀ። «ሌሊቱን ተዘጋ።»

ዘጠኝ ወር የተመኘችው ቤት ውስጥ ናት፤ ግን እንቅልፍ አጣች። ጠዋት ስትነሳ የምታስበው ቢቸናን ነው። ዛሬ ኮምፕሬሰሩ ስንት ላይ ይሆን? የገልባጩስ? አንድ ወር አለፈ። ሁለተኛውም ሲጋመስ ኢንጂነር ስጦታው በስልክ አገኛት።

«ግቢውን ጥለሽ ሄድሽ!»

«ጥዬ አልሄድኩም። ተዘጋብኝ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሱን መንገዱን ጠይቀው» አለችና ራሷ ደነገጠች፤ በስምንት ዓመት እንዲህ መልሳለት አታውቅም።

ከእሱ ጋር እንደጨረሰች ጋሽ ፋንታ ጋ ደወለች። ሲስተር ሰሎሜን እንዲያስጠሩ ነገረቻቸው። አዋላጇ መጣች፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተደረገ።

«ጋሽ ፋንታ፣ ቀዩን ከቀዩ ጋር ይሰሩ።»

«እኔ ነኝ የማስረው?» አሉ ሽማግሌው። «ያ የሚፈነዳው?»

«እሳት ካልቀረበው አይፈነዳም። መጀመሪያ ገመዱን ያስራሉ፣ ከዚያ ነው ቻርጀሩ የሚሰካው። ሲጨርሱ ደግሞ መጀመሪያ ከግድግዳው ይነቅላሉ። ሰሎሜ ቁጥሩን ታነብልዎታለች።»

የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ «በስመ አብ» የሚል ድምፅ። ሰሎሜ «እየሞላ ነው» አለች። ጋሽ ፋንታ ከበስተጀርባ «ነካሁት እኮ! ነካሁት!» ይሉ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ክረምቱ አለፈ። ስልክ ባለ ቀን ትደውላለች፤ በሌለ ቀን ሽማግሌው በራሳቸው ይሠራሉ። የቁፋሮ ማሽኑ ሁለት ባትሪዎች አልተረፉም። ጋሽ ፋንታ ይህን ሲነግሯት መርዶ እንደሚያረዱ ሁሉ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሏት። «እርስዎ አይደሉም፤ አሮጌዎች ነበሩ» አለቻቸው። ውሸቷን ነው።

ሞጣም ውስጥ የቆሙ መኪኖች ሞልተዋል። አንድ ቀን አምባቸው የሚባል የአምቡላንስ ሾፌር ባትሪ በጋሪ ጭኖ ወደ የኔታ ቤት መጣ፤ አምሳለች በገበያ ስታወራ ሰምቶ ነው። ሰገነት ከጎረቤት አሮጌ ቻርጀር ተውሳ፣ ሽቦውን ቀይራ ሞላችለት። በማግስቱ ሌላ ሰው የወፍጮ ሞተር ባትሪ ይዞ መጣ፤ ከዚያ የባጃጅ፣ ከዚያ የሆቴል ጄነሬተር። ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ በባትሪ ተሞላ። የኔታ በበትራቸው እየዳበሱ ሲያልፉ አንዱን ነኩትና «ይህኛው ደግሞ የማን ተማሪ ነው? ምንም አይመልስም» አሉ። ሦስቱ ልጆች ሳቁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ መንገዱ ሊከፈት ነው ተባለ። ሰገነት ቦርሳዋን አዘጋጅታ ማልዳ መናኸሪያ ደረሰች። አምሳለች እስከዚያ ሸኘቻት።

«ብትሄጂስ ምን ይጠብቅሻል? እዚሁ ቅሪ» አለቻት እኅቷ።

«አላውቅም። ጋሽ ፋንታ ብቻቸውን ናቸው።»

«የኔታስ?»

ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። አንድ አውቶቡስ ሞተር አስነስቶ ለጥቂት ጊዜ ቆየና አጠፋ። ስድስት ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ ወደ ምሳ ተበተኑ፤ ተሳፋሪውም አንድ በአንድ ጓዙን እያነሳ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ አንድ የማታውቀውን ገበሬ በሩ ሥር ቆሞ አገኘችው። ከትራክተር የወረደ፣ ጫፎቹ በነጭ ዝገት የተሸፈኑ ባትሪ በጆንያ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀምጧል። ሰገነት ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ገለጠች፤ ጎኑን በእጇ ዳበሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?» አለችው።